ከክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን በፊት የሚደረግ የሥነ ልቦና ምርመራ፦ መሃል አዲስ አበባ ላለ ሰው

ከክብደት መቀነሻ ኦፕራሲዮን በፊት የሚደረገው የሥነ ልቦና ምርመራ ከሳይኮሎጂስት ወይም ከአእምሮ ሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ የሚካሄድ ውይይት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከውይይቱ ጎን የሚሞሉ መጠይቆች አሉ። ሲያልቅ ባለሙያው ለቀዶ ሐኪሙ ሪፖርት ይጽፋል። ታካሚዋ ጆሮ ላይ የሚቀረው ግን «ወረቀት አምጪ» የሚለው ብቻ ነው። በዓለም ዙሪያ ይህን ኦፕራሲዮን የሚያደርጉት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ እዚህም «ታካሚዋ» እያልን እንቀጥላለን። ወንዶች አትቀየሙ።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጠናቀረው አማኑኤል ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በተማረ ሰው ነው። አንባቢ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ አድልዎ ካለም ከዚያ የመጣ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ባጭሩ

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል። ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭንና ረዘም ያለ ይሆናል። ሁለተኛው ባይፓስ ነው። ከጨጓራ አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ትሠራና ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። 30 ሚሊ ማለት ግማሽ ሲኒ ቡና ቢሆን ነው። ባይፓስን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ ሜሰን ነው።

ለማን ይሠራል የሚለውን ለረጅም ጊዜ የወሰነው በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የወጣው የስምምነት ሰነድ ነው። መለኪያው ቢ.ኤም.አይ. ነው፤ ኪሎን በሜትር ቁመት ለሁለት ጊዜ ማካፈል። 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው ብቁ ነው ይል ነበር። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 103 ኪሎ ስትደርስ 40ን ታልፋለች። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካና የዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበራት መስፈርቱን ዝቅ አደረጉት። አሁን 35 ብቻውን ይበቃል። ከ30 እስከ 35 ያለም የስኳር ዓይነት ሕመም ካለበት ይታሰብለታል።

ያ የ1991 ሰነድ ሌላም ነገር ብሏል። ታካሚው በቀዶ ሐኪም ብቻ ሳይሆን በውስጥ ደዌ፣ በአእምሮ ሕክምናና በሥነ ምግብ ባለሙያዎች አብሮ ይታይ ብሏል። የሳይኮሎጂስቱ ወረቀት ሥሩ እዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ኦፕራሲዮን የሚሠሩ የግል ሆስፒታሎች አሉ። ወደ ቱርክና ወደ ህንድ የሚሄድም አለ።

አማኑኤል እና ከዚያ የወጡት

መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። ለአሥርት ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም ሰው ታስሮ የሚመጣው እዚያ ነበር። የዚህ ዋጋ ግን ስሙ ላይ አረፈ። «አማኑኤል ውሰዱት» ስድብ ሆነ። ዛሬም ስለ ክብደቷ ልትጠየቅ ወደ ሳይኮሎጂስት የተላከች ሴት መጀመሪያ የምትለው «ወፈርኩ እንጂ አበድኩ እንዴ?» ነው። ይህ ፍርሃት ከዚያ ስድብ የተወረሰ ይመስላል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውም ይነገር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና አማኑኤል ውስጥ ተጀመረ። እነዚያ ነርሶች በየክልሉ ተበትነው፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም ሆነው ሠርተዋል። እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአእምሮ ሐኪም መሆን የፈለገ ውጭ አገር መማር ነበረበት። የነበሩትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። የካናዳ መምህራን ለጥቂት ሳምንታት እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ዋናውን ነገር የተማሩት ከአማኑኤል ሕሙማን ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ የመጀመሪያው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። ዛሬ የአእምሮ ሕክምና በጥቁር አንበሳም፣ በዘውዲቱም፣ በሌሎች ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። የቸርችል ጎዳናን ወርዶ፣ የትግላችን ሐውልት ፊት ለፊት ወዳለው ጥቁር አንበሳ የገባን ሰው ለምን እንደገባ ማንም አይጠይቀውም። ብዙ ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

መሃል ከተማ ባሉ የግል ክሊኒኮች የሚያገለግሉት ባለሙያዎችም ብዙዎቹ በእነዚሁ ግቢዎች ያለፉ ናቸው። ክሊኒኩ ሶፋና አበባ ይኑረው እንጂ ዓይኑ የተገራው እዚያ ነው።

ምን ይጠየቃል

ጥያቄው ከክብደት ታሪክ ይጀምራል። መቼ ጀመረ? ከወሊድ በኋላ? ከሐዘን በኋላ? ዐረብ አገር ከሄደች በኋላ? ምን ምን ተሞከረ? ስንት ኪሎ ቀንሶ ስንት ተመለሰ?

ከዚያ ምግብ ይመጣል። እዚህ ላይ ባለሙያው አገሩን ካላወቀ ይሳሳታል። ለምሳሌ መጠይቆቹ «በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ራስዎን መቆጣጠር እስኪያቅትዎ ብዙ በልተው ያውቃሉ?» ይላሉ። የ55 ቀን ሁዳዴ ጾሞ ፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ይበል? አዎ ነው መልሱ። ሕመም ግን አይደለም። ሕመም የሚባለው ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር ሲደጋገም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ተደብቆ ይበላል፤ በኋላም ኀፍረትና ጸጸት ይከተለዋል። ሌሊት ተነስቶ ማዕድ ቤት መግባትም ይጠየቃል። ከበሉ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስም እንዲሁ። ስለ ጉርሻ የሚጠይቅ ፎርም የለም፤ ግን ራሳችሁ አንሱት። «በሞቴ» ያለችን አክስት እምቢ ማለት የማይችል ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይቸገራል። ለዚያች ከረጢት አንድ ጉርሻ ከሚገባው በላይ ትልቅ ናት።

ስለ ስሜት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ፒ.ኤች.ኪው. 9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ይሞላል። ስለ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ጠቅላላው 27 ነው። ይህ መጠይቅ አዲስ አበባ ውስጥ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። የራሳችን ሰው ላይ የተሞከረ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው። አዎ ያለ ሰው ኦፕራሲዮኑ ለዘላለም ይከለከላል ማለት አይደለም። ጉዳዩ ግን ያለ ዝርዝር ንግግር አይታለፍም። ምክንያቱም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ራስን የመጉዳት አደጋ እንደሚጨምር በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል።

የመጠጥ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ከባይፓስ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። ድሮ በሁለት ቢራ የማይሞቃት ሴት በአንድ ትሰክራለች። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የመጠጥ ችግር በተለይ በሁለተኛው ዓመት እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ «ለበዓል ብቻ» ከማለት በፊት ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም ይቆጠር። ሲጋራና ሺሻ ደግሞ ቁስል ያመጣሉ፤ በዚህ ክርክር የለም። ጫት ላይ ግን የባለሙያዎች አቋም ይለያያል። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይቁም ይላል። ሌላው መጠኑን ያያል። ጫት የምግብ ፍላጎት እንደሚዘጋና እንቅልፍ እንደሚያሳጣ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ከሰዓት ቅሞ ማታ ሲመረቅንበት ምሳና እራቱን የሚዘል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ያገኘውን የሚበላ ሰው የአመጋገብ ታሪኩ ያለ ጫቱ አይነበብም።

በመጨረሻ ውሳኔው የማን ነው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሠርግ ደርሶ ነው? ባል ተናግሮ ነው? እዚህ አገር ነገሩ ድርብ ነው። አንዱ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ብሎ ያመሰግናል፤ ሌላው በዚያው ቃል ይወጋል። ኤች.አይ.ቪ. ከተማዋን ባስጨነቀበት ዘመን ደግሞ መክሳት ራሱ ሐሜት ነበር። ያንን ዘመን ያሳለፉ እናቶች ልጃቸው ስትቀጥን ይደነግጣሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 8 ከመቶው ከልክ በላይ ክብደት እንዳላቸው ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

እንዴት ይዘጋጁ

መልስ አይሸመደድም። «ደስተኛ ነኝ፣ ጭንቀት የለብኝም፣ አልጠጣም» እያለች እንደ መሐላ የምታነበንብ ታካሚ ባለሙያውን ይበልጥ ታጠራጥረዋለች።

የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነፓኮው ይያዝ። በተለይ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መጠኑ ሊቀየርበት ይችላል። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠው ሊትየም ለምሳሌ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ አደገኛ ይሆናል። ቀስ እያሉ እንዲሟሙ የተሠሩ እንክብሎችም አንጀቱ ሲያጥር በትክክል ላይሠሩ ይችላሉ። ክብደቱ የመጣው ከመድኃኒቱ ከሆነም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኦላንዛፒን የሚባለው የአእምሮ መድኃኒት በዚህ ይታወቃል። ከዚህ በፊት ተኝተው ከታከሙ የመውጫ ወረቀቱን ይያዙ። ጸበል ገብተው ከሆነም ይናገሩ። እዚህ ከተማ ያለ የአእምሮ ባለሙያ ጸበል ስለሰማ አይደነግጥም።

ለአንድ ሳምንት የበሉትን በደብተር ይጻፉ። ወጥ ሲሠራ የቀመሱት፣ ከልጅ ሳህን የተረፈው፣ ቡና ላይ የቀረበው ፈንዲሻና የቡናው ስኳር ይግቡበት። እነዚህ ናቸው የሚረሱት። ከጎኑ ሰዓቱንና የዚያን ጊዜ ስሜት ይጻፉ።

ኦፕራሲዮኑን ራሱ በራስ አማርኛ ማስረዳት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያው «ምን ሊሠሩሽ ነው?» ሲል «ዶክተሩ ያውቃል» ከተባለ ቀጠሮው ይራዘማል። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ምግብ እንደሚመጣ ይወቁ። ወደ እንጀራ የሚደረሰው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ውኃና ምግብ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለያያሉ። ቪታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው። ቆዳ ይላላል። እርግዝና ከ12 እስከ 18 ወር ይዘገያል። የሚቀነሰው ክብደትም ገደብ አለው፤ ከስሊቭ በኋላ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ኪሎ ከሩብ ብዙ አይርቅም።

ጾምም ቀድሞ ይታሰብ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋል። በትንሽ ጨጓራ ያንን ከሽሮና ከምስር ብቻ መሙላት አድካሚ ነው። ዓሣ ለጾም ይበላል ወይ የሚለውን ክርክር ይህ ጽሑፍ አይነካም። ከነፍስ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግን ይቻላል። ረመዳን የሚጾሙም ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ቀን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ለአዲስ ታካሚ አደጋ አለው።

አስታማሚ የሚሆን ሰው ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ሰው ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ግን የውይይቱ አንድ ክፍል ለብቻ ይሁን። ባል ወይም እናት ባሉበት የማይወራ ነገር አለና። አማርኛ አፍ የሚፈታበት ቋንቋ ካልሆነ ደግሞ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቁ። ሪፖርቱን ማን ማን እንደሚያነበው መጠየቅም መብት ነው።

ውጤቱ

ብዙ ሰው ይሁንታ ያገኛል። የተወሰነው ቅድመ ሁኔታ ይሰጠዋል፤ መጠጥ ማቆም፣ የድብርት ሕክምና መጀመር፣ ጥቂት ጊዜ መመላለስ። ጨርሶ የሚከለከል ጥቂት ነው። ሕክምና ያልተጀመረለት፣ የሌለ ነገር የሚያሳይና የሚያሰማ የአእምሮ ሕመም (ሳይኮሲስ)፣ ያልቆመ የመጠጥ ሱስና በቅርቡ የተሞከረ ራስን ማጥፋት ዋናዎቹ የማዘግያ ምክንያቶች ናቸው።

ምርመራው ማን ይበልጥ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ይናገራል ወይ? በዚህ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ድብርት የነበረበትም እንደሌላው ሊቀንስ ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ራስን መቆጣጠር አቅቶ መብላት ግን የቀነሰው ክብደት የመመለሱ ምልክት ነው።

ውጭ ለሚታከም ሰው ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ፣ የባለሙያው ስም፣ ማዕረግና ማኅተም ያለበት ይሁን። ቀኑም ይታይ፤ ወራት ያለፈው ሪፖርት እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ውጭ ያለው ሐኪም ቀዶ ይልካል፤ ክትትሉ ግን እዚህ ነው። የመጠጡ ችግር በሁለተኛው ዓመት የሚመጣ ከሆነ፣ ታካሚዋ ያኔ ያለችው ካዛንቺስ ወይ ልደታ ነው። መጀመሪያ ያነጋገራት ሳይኮሎጂስት ካርድ ያኔ ይፈለጋል።