የአምፕሊፋየር ጌይን መቆጣጠሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምፕሊፋየር ስንሠራ ማዞሪያዋን የምናስታውሳት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሰርኪቱ አልቆ ድምፅ ሲሰጥ «እስቲ አሁን ፖት እንጨምርበት» እንላለን። ፖት ማለት ማዞሪያዋ ሥር ያለው፣ ሲዞር ኦሙ የሚለወጥ ባለሦስት እግር ሬዚስተር ነው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የምሠራው። ጌይን መቆጣጠሪያ ግን በኋላ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የት ገባ? ስንት ኪሎ ኦም ነው? የፖቱ መሃለኛ እግር ቢነሳ ምን ይሆናል? የእነዚህ መልስ በሙሉ ድምፁ ላይ ይሰማል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች እንያቸው።

«ቮልዩምና ጌይን አንድ ናቸው»

ሁለቱም ድምፅ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርጉ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ቮልዩም አብዛኛውን ጊዜ ሲግናሉን ከፍሎ የሚቀንስ ፖት ነው። አምፕሊፋየሩ ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ አይነካም። ጌይን ስትቀይሩ ግን የምትነኩት ያንን እጥፍ ራሱን ነው።

ኤልኤም386 የምትባለውን ቺፕ ውሰዱ። እግር 1 እና 8 ክፍት ከሆኑ ጌይኗ 20 ነው። በመካከላቸው 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲገባ 200 ይደርሳል። ከካፓሲተሩ ጋር 1.2 ኪሎ ኦም በተከታታይ ከተጨመረ 50 ይሆናል። የተለመደው ቮልዩሟ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ግብአቷ ላይ ያለው 10 ኪሎ ኦም ፖት። ጌይኑን 200 ላይ ትታችሁ ቮልዩሙን ብትቀንሱ ቺፗ የራሷን ኖይዝ ማሳደጓን አትተውም። ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ የ«ሽሽሽ» ድምፁ ባለበት ይቀራል። ከስልክ ለሚመጣ ሙዚቃ 20 በቂ ነው።

«ፖቱ ፊድባክ ውስጥ ከገባ በቃ፣ አገናኙ ለውጥ የለውም»

ይህን በራሴ ጆሮ ነው የተማርኩት። በኦፕአምፕ (ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ግብአት ያለው የማጉያ ቺፕ) የማዳመጫ አምፕሊፋየር ሠርቼ ነበር። በውጽአቱና በነጌቲቭ ግብአቱ መሃል፣ ማለትም ውጽአቱን ወደ ግብአቱ በሚመልሰው መንገድ (ፊድባክ) ላይ፣ 100 ኪሎ ኦም ፖት አስገባሁ። መሃለኛውን እግርና አንዱን ዳር ብቻ አገናኝቼ ሦስተኛውን ባዶ ተውኩት። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ማዞሪያውን ስነካው ጆሮዬ ላይ «ጧ!» አለ። ማዳመጫውን ወርውሬ ነው የተነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖት ውስጥ ያለችው፣ ከመሃለኛው እግር ጋር የተገናኘችው ተንሸራታች ለቅጽበት ከካርቦኑ ላይ ተነሳች። ፊድባኩ ተቋረጠ። ፊድባክ የሌለው ኦፕአምፕ ጌይኑ መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ስለሆነ ውጽአቱ ወዲያው የፓወር ሰፕላዩ ጫፍ ላይ ተወረወረ።

መድኃኒቱ አንድ ቁራጭ ሽቦ ናት። ባዶውን እግር ከመሃለኛው ጋር አገናኙት። ያኔ ተንሸራታቿ ብትነሳ ፊድባኩ ሙሉ 100 ኪሎ ኦም ሆኖ ይቆያል። ድምፁ ወደ ከፍተኛው ጌይን ይዘላል፣ ግን ሰርኪቱ ከቁጥጥር አይወጣም።

ከዚህም የተሻለ ቦታ አለ። ሲግናሉ በፖዘቲቭ ግብአት በሚገባበት አምፕሊፋየር ጌይኑ የሚሰላው የፊድባኩን ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ለሚወርደው አካፍላችሁ 1 በመደመር ነው። ፖቱን ወደ ግራውንድ በሚወርደው በኩል ብታደርጉት፣ ተንሸራታቿ ስትነሳ ጌይኑ ወደ 1 ይወርዳል። ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጮኽም። ከዚያ ቀን ወዲህ የትኛውንም ሰርኪት ስስል መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ መሃለኛው እግር ቢነሳ ወዴት ይሄዳል?

«ፖቱን ግማሽ ካዞርኩ ጌይኑም ግማሽ ላይ ነው»

አሁን ያልነውን ሰርኪት በቁጥር እንየው። ፊድባኩ 10 ኪሎ ኦም ይሁን። ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ፖት ከ100 ኦም ቋሚ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ይግባ። የ100 ኦሙ ሬዚስተር ግድ ነው፤ ያለ እሱ ፖቱ ዜሮ ሲደርስ ጌይኑ ልክ ያጣል።

የፖቱ 10 ኪሎ ኦም ሙሉ በሙሉ ሲገባ ጌይኑ 2 ገደማ ነው። ግማሽ ስታዞሩት 3 ገደማ ይሆናል። ከመንገዱ ዘጠኝ አሥረኛውን ስትጨርሱ 10 ይደርሳል። የቀረችው አንድ አሥረኛ ብቻዋን ከ10 ወደ 101 ትወስዳችኋለች። ጣታችሁ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይፈነዳል። እዚህ ቦታ ላይ የሚገባው ተገላቢጦሽ ሎጋሪዝም ፖት ነው፤ መጨረሻው ላይ ኦሙ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ማለት ነው።

ለተራ ቮልዩምም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ሊኒየር ፖት (ኦሙ ከመዞሩ ጋር እኩል የሚለወጥ) መሃል ላይ የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «ግማሽ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ስለሆነ ለውጡ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ይታጨቃል። ሎጋሪዝም ፖት (መጀመሪያ ቀስ፣ በኋላ ፈጠን ብሎ የሚለወጥ) ካጣችሁ 100 ኪሎ ኦም ሊኒየር ፖት ወስዳችሁ ከመሃለኛው እግር ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም አስሩ። መሃል ላይ ወደ 17 ዴሲቤል ይቀንሳል። ለጆሮ በጣም ይቀርባል። ፖቱን የሚመግበው ሰርኪት ግን ከ10 ኪሎ ኦም ያነሰ ጭነት መሸከም አለበት፤ ማዞሪያው ጫፍ ሲደርስ የሚታየው 9 ኪሎ ኦም ገደማ ነው።

«ጌይን ሲጨምር የሚለወጠው የድምፁ መጠን ብቻ ነው»

ሦስት ነገሮች አብረው ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ኦፕአምፑ የሚያስተናግደው ፍሪኩዌንሲ ይጠባል። የጌይንና ባንድዊድዝ ብዜቱ (ጌይኑ በሚያስተናግደው ፍሪኩዌንሲ ሲባዛ የሚገኘው) 3 ሜጋኸርዝ የሆነው ቲኤል072 ኦፕአምፕ በ100 ጌይን 30 ኪሎኸርዝ ይቀረዋል፤ ለድምፅ ይበቃል። ብዜቱ 1 ሜጋኸርዝ የሆነ ኦፕአምፕ ግን 10 ኪሎኸርዝ ላይ ይቆማል። ቀጭን ድምፆች መጥፋት ይጀምራሉ።

ሁለተኛ፣ ኦፍሴቱም (ሲግናል ሳይኖር ግብአቱ ላይ ያለች ትንሽ የማትለዋወጥ ቮልቴጅ፣ ማለትም ዲሲ) አብሮ ያድጋል። 3 ሚሊቮልት ኦፍሴት በ100 ጌይን 300 ሚሊቮልት ዲሲ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ወደ ግራውንድ በሚወርደው መስመር ላይ ካፓሲተር ይገባል፤ ለዲሲ ጌይኑ 1 ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ያ ካፓሲተር 10 ማይክሮፋራድ ከሆነ፣ ፖቱ ሙሉ ሲገባ ቤዙ መቀነስ የሚጀምረው 1.6 ኸርዝ ላይ ነው። ማንም አይሰማውም። ጌይኑን እስከ ጫፍ ስትከፍቱት ግን የቀረው 100 ኦም ብቻ ስለሆነ መነሻው ወደ 160 ኸርዝ ይወጣል። ቤዙ ጠፋ ማለት ነው። 220 ማይክሮፋራድ ብታስገቡ ጫፍ ላይም ከ8 ኸርዝ በታች ይሆናል። ስለዚህ ካፓሲተሩን ማስላት ያለባችሁ ጌይኑ ከፍተኛ በሚሆንበት ጫፍ ነው።

«ፖቱ ትልቅ ቢሆን ይሻላል»

ከፊት ያለውን ሰርኪት አያደክምም፣ እውነት ነው። ግን ሬዚስተር ራሱ ኖይዝ ያመነጫል፤ ኦሙ በጨመረ ቁጥርም ይበዛል። 100 ኪሎ ኦም ፖት መሃል ላይ ሲሆን ቀጣዩ ደረጃ የሚያየው እስከ 25 ኪሎ ኦም ነው። ለኦፕአምፕ ሰርኪት 10 ኪሎ ኦም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

«ዲጂታል ፖት ካስገባሁ ከችግር ወጣሁ»

ዲጂታል ፖት (በእጅ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ የሚቀየር የፖት ቺፕ) አይቆሽሽም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አብዛኞቹ ሲግናሉ ከራሳቸው ሰፕላይ እንዲያልፍ አይፈቅዱም። በ5 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ሲግናሉም በዚያው ውስጥ መቆየት አለበት። ደረጃ በደረጃ ስለሚዘል ሙዚቃ እየተጫወተ ሲቀየር «ጥጥጥ» ሊል ይችላል። አጠቃላይ የኦም ልኩም ብዙ ጊዜ በ20 ፐርሰንት ይዛነፋል። ስለዚህ ሦስቱንም እግር ተጠቅማችሁ እንደ ከፋፋይ አስገቡት፤ ያኔ ወሳኙ የሁለቱ ክፍል ንጽጽር ነው እንጂ ጠቅላላ ኦሙ አይደለም።

«ፖት የሚንኮሻኮሸው ስለቆሸሸ ብቻ ነው»

አንዳንዴ ነው። አዲስ ፖትም ይንኮሻኮሻል፤ ዲሲ ካለፈበት። ተንሸራታቿ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ዲሲው ይቆራረጣል፣ ያ ነው የሚሰማው። ማጽጃ ከመንፋታችሁ በፊት ሲግናሉን አጥፉና መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ መሃለኛው እግር ላይ፣ ሌላውን ግራውንድ ላይ አድርጋችሁ ማዞሪያውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቁጥሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ የጎደለው ከፖቱ በፊት ወይም በኋላ መግባት የነበረበት ካፓሲተር ነው።