ከስብራት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቆዳ ላይ የሚታዩ ለውጦች

አጥንቱ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት የገባለት ሰው በማገገሚያ ወራቱ በዓይኑ የሚከታተለው አጥንቱን ሳይሆን ቆዳውን ነው። ቆዳው ያብጣል፣ ይበልዛል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ይጠቁራል፤ አብዛኛው ለውጥ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ሲሆን ጥቂቱ ግን ከሥር ያለ ችግርን ያሳብቃል። ሁለቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቁስሉ ከቀላ ሐኪም ያማክሩ» የሚል ነው። ይህ ነጣ ያለ ቆዳን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ብዙም አይበጅም፤ በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ብግነት የሚታየው በመቅላት ሳይሆን ቦታው ከወትሮው ይበልጥ በመጥቆሩ፣ ተወጥሮ በማብለጭለጩ ወይም ወደ ወይን ጠጅነት በማድላቱ ነው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅ ይታመናል። የእጅን ጀርባ በቁስሉ ዙሪያና በጤነኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ እያፈራረቁ በማሳረፍ የሙቀቱን ልዩነት መለየት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎልቶ የሚታየው እብጠትና መበለዝ ነው። ከተጎዳው አጥንትና ጡንቻ የፈሰሰው ደም ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ቁርጭምጭሚቱን የተሰበረ ሰው ከቀናት በኋላ የጣቶቹ ሥር ጠቁሮ ቢያገኘው አዲስ ጉዳት ደረሰ ማለት አይደለም። የደሙ ቀለም ሲፈራርስ በመጀመሪያ ቢሊቨርዲን ወደተባለ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቢሊሩቢን ወደተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ በመጨረሻ የሚቀረው የብረት ዝቃጭ ለወራት የሚቆይ ቡናማ ጥላ ሊተው ይችላል።

ቅልጥምና ቁርጭምጭሚት አካባቢ በአጥንትና በቆዳ መካከል ያለው ሥጋ ስስ ነው። በዚህ የተነሳ እብጠቱ ቆዳውን ወጥሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስብራቱ ከደረሰ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ፊኛዎችን ያወጣል። ፈሳሹ ጥርት ያለ ከሆነ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፤ ደም የቀላቀለ ከሆነ ጠለቅ ያለና ለመዳንም የሚዘገይ ነው። ሐኪሞች አንዳንዴ ቀዶ ሕክምናውን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚያቆዩት ለዚህ ሲሆን፣ የሚጠባበቁትም እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው መልሶ መሸብሸቡን ነው። አልጋ ይዞ የሚጠብቅ ታካሚ ነገሩን እንደ ቸልታ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ይሁንና በተወጠረ ቆዳ ላይ የተሰፋ ቁስል በቀላሉ ይከፈታል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ፣ ሕመሙም በማስታገሻ የማይመለስ ከሆነ ግን ሰዓት አይሰጥም። በኢትዮጵያ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ ወደ ሆስፒታል የሚመጣበት አጋጣሚ የታወቀ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የጠበቀ ጀሶ ወይም ፋሻም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል።

ጀሶ የሚፈታበት ቀን ብዙዎችን ያስደነግጣል። ባቱ ሰልሏል፣ ቆዳው ቡናማ ቅርፊት ለብሷል፣ ሽታም አለው፤ ጸጉሩ ከሌላው እግር ይልቅ ረዝሞና ጠቁሮ ይታያል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን በአራት ሳምንት ገደማ ይታደሳል፤ በተለመደው ኑሮ በመታጠብና በልብስ ፍትጊያ የሚራገፈው የሞተ ሽፋን ግን ለስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ቁስሉ የተዘጋ ከሆነ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ በለስላሳ ጨርቅ ማበስና ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። በሻካራ ነገር መፈተግ ከሥር ያለውን ስስ ቆዳ ያቆስላል። ጸጉሩም በወራት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።

የእጅና የእግር ስፌት ክር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ክሩ ወጣ ማለት ግን ቆዳው ጠነከረ ማለት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የጠባሳው ጥንካሬ ከጤነኛ ቆዳ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከሦስት ወር በኋላ 80 በመቶ አካባቢ ደርሶ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ጠባሳው መጀመሪያ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ይጠቁራል፤ እስኪለሰልስ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ጥቁረቱ ይበልጥ ይቆያል፣ ፀሐይም ያባብሰዋል። ከቁስሉ ወሰን ሳያልፍ ከፍ ያለ ጠባሳ በጊዜ ብዛት ሊሟሽሽ ይችላል። ወሰኑን አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ ግን በራሱ አይጠፋም፣ ተቆርጦ ብቻ ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ኬሎይድ በአፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚታይ ሲሆን ደረትና ትከሻን ይመርጣል፤ ስለዚህ ከደረት ወደ ትከሻ የሚዘረጋው የአንገት አጥንት (ክላቪክል) ስብራት ተጠግኖለት የነበረ ሰው ከቅልጥም ታካሚው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የቅልጥም አጥንትን ከውስጥ የሚይዘው ዘንግ ከጉልበት በታች በሚከፈት ቁስል ስለሚገባ፣ በዚያ የሚያልፍ ትንሽ የስሜት ነርቭ ሊነካ ይችላል። በዚህ ጊዜ ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል መዳፍ የማይሞላ የደነዘዘ ቦታ ይቀራል። ብዙ ሰው በዕለት ተዕለት ኑሮው ልብ አይለውም፤ ለስግደት ሲንበረከክ ግን የጉልበት ሕመምና መደንዘዝ አንድ ላይ ይሰማዋል።

ፋሻውን በሚይዘው ፕላስተር ቅርጽ ልክ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ ብዙውን ጊዜ የማጣበቂያው አለርጂ ነው። ብዙ ብረቶች የሚሠሩበት አይዝጌ ብረት ኒኬል ስላለበት፣ ርካሽ የጆሮ ጌጥ የሚያቆስለው ሰው ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ በገባው ብረት የተነሳ የቆዳ አለርጂ መነሳቱ ግን ብርቅ ነው። ከዚህ የሚከብደው፣ በተለይ ከእጅ አንጓ ስብራት በኋላ የሚታየውና በጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም በፖል ሱዴክ ስም ሲጠራ የኖረው ሕመም ነው። እጁ ከጉዳቱ ጋር በማይመጣጠን መጠን ያማል፤ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል፣ የጥፍሩና የጸጉሩ አስተዳደግም ይለወጣል። ቶሎ ከታወቀ ዋናው ሕክምና እጁን ደብቆ ማሳረፍ ሳይሆን በፊዚዮቴራፒ ማንቀሳቀስ ነው።

ቁስሉ ከተዘጋ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ላይ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ በመጠኗ ታታልላለች። ጥቂት መግል አውጥታ ትደርቃለች፣ ቅርፊት ትይዛለች፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንደገና ትከፈታለች። ምንጯ ብዙውን ጊዜ በብረቱ ወይም በአጥንቱ ላይ የተቀመጠ ኢንፌክሽን ነው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አንቲባዮቲክ ለጊዜው ቢዘጋትም ምንጩን አያደርቀውም፤ ራጅ ተነሥቶ፣ ከጥልቁ ናሙና ተወስዶ፣ አስፈላጊም ከሆነ ብረቱ ወጥቶ መታከም አለበት።