«ጥቂት ዳታ መሙላት ምን ችግር አለው» ለምትሉ የሕክምና ተማሪዎች

በየዓመቱ የሪሰርች ሰሞን ተማሪ ሳማክር የምሰማቸው ነገሮች አሉ፣ በተለይ አንዷ አንገሽግሻኛለች። ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ።

«ቻርት ብቻ ነው የምናየው፣ ኤቲክስ አያስፈልግም።» ያስፈልጋል። ካርዱ ውስጥ ያለው የሰው ሚስጥር ነው። የታካሚው ፈቃድ ሊቀር ይችላል፣ ግን ይቅር የሚለው አይአርቢው (የምርምር ኤቲክስ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ) ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም፣ እሱም ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት።

«ሪፈረንስ ካስገባሁ ፕሌጃሪዝም የለም።» አንቀጹን እንዳለ ገልብጠህ መጨረሻው ላይ ቁጥር ብትለጥፍ ያው ኩረጃ ነው።

«የዲፓርትመንት ሄዱን ስም ማስገባት አክብሮት ነው።» አክብሮቱን በሌላ አሳዩ። በአይሲኤምጄኢ (የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ) መስፈርት ኦተር፣ ማለትም የጽሑፉ ደራሲ፣ የሚባለው ሥራው ላይ በቁም ነገር የተሳተፈ፣ የጻፈ ወይም ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ኃላፊነት የወሰደ ነው፣ አራቱንም። ቢሮ ያዋሰህ ሰው አክኖውሌጅመንት (የምስጋና ገጽ) ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ «ጥቂት የጎደለች ብንሞላ ምን አለበት፣ ለመመረቂያ ነው፣ ማን ያነበዋል?» አንዴ ከገጠር ቀበሌ ተሰበሰበ የተባለ የእናቶች መጠይቅ መጣልኝ፣ ዕድሜውን ሳይ 23፣ 27፣ 31፣ 34 እያለ ምንም ሳይዛነፍ ተሰራጭቷል። እናንተ ልጆች፣ የገጠር እናት ዕድሜሽ ስንት ነው ሲሏት «ሠላሳ ቢሆነኝ ነው» ነው የምትለው፣ ስለዚህ የምር የተሰበሰበ ዳታ 25፣ 30፣ 35 ላይ ክምር ብሎ ነው የሚመጣው። ያኛው እንዲያ ያማረው ዶርም ውስጥ ስለተሞላ ነው፣ ስጠይቃቸው ብዙም አልተከራከሩም።

ደግሞ የሚገርመኝ የጎደለ ዳታ እኮ ጥፋት አይደለም! ሚሲንግ ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ ሊሚቴሽን (የጥናቱ ውስንነት) ውስጥ አስገቡት፣ ሳምፕሉ ካነሰም አነሰ። ለምን እንዳነሰ ያስረዳ ተማሪ ዲፌንስ ላይ ሲወድቅ አላየሁም።

«የኛ ትንሽ ጥናት ናት» ለምትሉ ደግሞ፣ ዌክፊልድ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ጽሑፍ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ነበር። የልጆቹ ታሪክ ተቀያይሮ መጻፉ በኋላ ወጣ፣ ጽሑፉ በ2010 ተሻረ፣ እሱም በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ፣ የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ወሬ ግን ዛሬም አለ። የተሻረ ጽሑፍ ከኢንተርኔት ይጠፋል የምትሉም አላችሁ፣ አይጠፋም፣ ተሽሯል የሚል ማኅተም ተመትቶበት ከነስማችሁ እዚያው ይቀመጣል።

እና ከሰው የሰበሰባችሁትን መጠይቅ ከዲፌንስ በኋላም እንዳትጥሉት፣ አምጡ ማለቴ አይቀርም።