ጆርናል ክለብ ምንድን ነው? ገብቶ ለመወያየትስ ምን ይጠይቃል?

ጆርናል ክለብ የሚባለው ጥቂት ሰዎች አንድ የታተመ ጥናት መርጠው፣ ቀድመው አንብበው፣ ተገናኝተው የሚመረምሩበት ውይይት ነው። ጅማ ውስጥ ቃሉን ይበልጥ የምትሰሙት ከሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚሠለጥኑ ሐኪሞች) እና ከማስተርስ ተማሪዎች አፍ ነው። አንድ ሰው ፔፐሩን፣ ማለትም የታተመውን ጥናት፣ ያቀርባል። ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ ይሞግታሉ፣ ያርማሉ። ማብቂያው ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ይህ ጥናት እኛ የምንሠራውን ሥራ መቀየር አለበት ወይ?

ሌክቸር የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። ሌክቸር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ ሌላው ይጽፋል። እዚህ ግን አቅራቢውም እንደ እናንተ አንባቢ ነው፤ ትንሽ ቀደም ብሎ ያነበበ አንባቢ።

ልማዱ የቆየ ነው፤ የወለደውም ችግር ነው። ዊሊያም ኦስለር የተባለው ታዋቂ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1875 ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክለብ ሲያቋቁም ብቻውን ሊገዛቸው አቅሙ የማይፈቅድለትን መጽሔቶች ከሌሎች ጋር በጋራ ለማግኘት ብሎ ነበር። ከእሱም በፊት የለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ተማሪዎች ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ትንሽ ክፍል እየተሰበሰቡ መጽሔት ያነቡ ነበር። የመጽሔት ዋጋ ዛሬም ለእኛ ተማሪ አይቀመስም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስጀመረው ሂናሪ የተባለ ፕሮግራም አለ። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት ብዙ መጽሔቶችን ይከፍታል። በተቋማችሁ እንዴት እንደሚገባ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ጠይቁ። መኖሩን ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ ያሳዝነኛል።

ለመግባት የሚጠየቀው ክፍያ ማንበብ ነው። ሌላ የለም። ፔፐሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ በቴሌግራም ይላካል። ብዙ ሰው አብስትራክቱን፣ ማለትም ፔፐሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ብቻ አይቶ ይመጣል፤ ያ በቂ አይደለም። አብስትራክት ተመራማሪው ሊያሳያችሁ የፈለገውን ነው የሚያሳየው። ሥራው ያለው ሜተድ በሚባለው፣ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ በሚገልጸው ክፍል ነው። እነማን ተጠኑ? እነማን ከጥናቱ ወጡ? እርጉዞች ነበሩ ወይ? የኩላሊት ሕመም ያለባቸውስ? ገንዘቡን የሰጠው ማነው? ከዚያ ወደ ሠንጠረዦቹ ሂዱ፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። ለምሳሌ አንድ መድኃኒት "አደጋውን በ50 በመቶ ቀነሰ" ቢባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱ 100 ሰዎች 2 ታመው፣ ከወሰዱት 100 ሰዎች ደግሞ 1 ታሞ ከሆነ፣ ያም 50 በመቶ ነው። አንድ ሰው ለማዳን 100 ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል ማለት ነው። ዋጋውን ከኪሱ ለሚከፍል ታካሚ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እኛ ያደግነው በይሉኝታ ነው። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት፣ አስተማሪን አለመሞገት፣ "ምን ይሉኛል" ብሎ ጥያቄን መዋጥ። ይሉኝታ ቤት ውስጥና ሰፈር ውስጥ ብዙ መልካም ነገር ይጠብቃል፤ አልነቅፈውም። ጆርናል ክለብ ውስጥ ግን ዝምታ አክብሮት ሆኖ መቆጠሩ ልክ አይመስለኝም። አንድ ሰው ሌሊቱን ተቀምጦ ያዘጋጀውን ነገር ሳያነቡ መጥቶ፣ ራስ ነቅንቆ፣ አጨብጭቦ መሄድ ልፋቱን መናቅ ነው። አንብቦ መጥቶ "እዚህ ጋ አልተስማማሁም" የሚለው ሰው የበለጠ አክብሮታል።

ትልቁ ሸክም ያለው ሲኒየሮች፣ ማለትም በማዕረግና በልምድ የሚበልጡት ሐኪሞች፣ ላይ ነው። አንድ ሲኒየር መጀመሪያ ተናግሮ "ይሄ ፔፐር ቆሻሻ ነው" ካለ ውይይቱ እዚያው አለቀ። ከሱ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ስለዚህ ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) እና አዲሱ ሬዚደንት መጀመሪያ ይናገሩ፣ ሲኒየሩ መጨረሻ ላይ ይጨምርበት። ይህን ለአወያዩ ቀድሞ መንገር ይቻላል፣ ደግሞም የሚያኮርፍ ሲኒየር የሚኖር አይመስለኝም።

ቡና ቀማሾች ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቁታል። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ከየስኒው በማንኪያ እየሳቡ ይቀምሳሉ፣ ግን ነጥባቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ አይነጋገሩም። አንዱ "ጎምዛዛ ነው" ካለ የሌላውም ምላስ ወደዚያ ይሄዳልና። እናንተም ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ በወረቀት ጻፉ። ሌላው ሰው የተናገረው ሐሳባችሁን ቢያስቀይራችሁ እንኳ መጀመሪያ ምን አስባችሁ እንደነበር ታውቃላችሁ።

የጥያቄው አባባል ለውጥ ያመጣል። "ይሄ ሰውዬ ምንም አያውቅም" ማለትና "ሠንጠረዥ 2 ላይ ያለው ድምር ከጽሑፉ ጋር አልገጠመልኝም፣ ሊያይልኝ የሚችል አለ?" ማለት እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ወረቀቱን ነው የሚነካው፤ ሰውየውን አይነካም። ደግሞም መልስ ያመጣል። አቅራቢው ሲኒየር ከሆነ "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይቺ ጋ አንዴ ይመልሱልኝ" ብሎ መጀመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ማለስለስ አያስፈልግም። ቀጥታ ይጠየቅ።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው የራሳችን ሰዎች የሠሩት ጥናት ሲቀርብ ነው። አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የግልገል ጊቤ ግድብንና ወባን ይመለከታል። ከግድቡ ሐይቅ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚኖሩ ሕፃናትን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ጋር አወዳደረ። ወባ በቅርብ ባሉት ላይ በዝቶ ተገኘ። ይህን ይዞ የሚገባ አንባቢ ምን ይጠይቃል? የሁለቱ አካባቢዎች ከፍታ ይመሳሰላል ወይ? አጎበር ያለው ቤት የትኛው ጋ ይበዛል? ግድቡ ሳይሠራ በፊት ወባ እንዴት ነበር? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ግን መጀመሪያ መልሱን ፔፐሩ ውስጥ ፈልጉ፤ ተጽፎ የተቀመጠን ነገር "ለምን አልጻፋችሁም" ማለት ያሳፍራል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ክፍሉ ውስጥ ቢኖር እንኳ ያው ጥያቄ ይጠየቅ። ያ ሰው ከማንም በላይ መልሱን የሚያውቅ ነው፣ መልስ የሚሰጥበትን ዕድል አትንፈጉት።

ጅማ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ ኦሮምኛ የሚያወራ አለ፣ አማርኛ የሚያወራ አለ፣ ከዳውሮና ከካፋ የመጣ አለ፣ ከትግራይና ከሶማሌም የመጣ ይኖራል። ፔፐሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ክርክሩ ሲሞቅ ግን ሁሉም ወደ አፉ ቋንቋ ይገባል። ያ ጥሩ ነው፣ ሐሳብ በእናት ቋንቋ ይፈታል። ነገር ግን አንድ ሰው ሳይገባው እየሳቃችሁ ከሆነ ያ ሰው ከውይይቱ ወጥቷል። ከጎኑ ያለው ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረው። ስለ ታካሚም ስታወሩ ስም፣ ቀበሌና የካርድ ቁጥር አይነሳ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ደግሞ ፎቶ በጭራሽ አይለጠፍ።

ከሁሉም የምወደው የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ "እኛ ጋ ይሠራል ወይ?" የሚለውን። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መለያ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነውና ይህ ጥያቄ እዚህ ከተማ ውስጥ ሊዘለል አይገባም። የግብርና ተማሪዎችም ይህን ይጠይቁ። ከብራዚል የመጣ የቡና ጥናት ግሩም ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ ቡና በብዛት የሚለማው በጠራራ ፀሐይ፣ በሰፊ እርሻ ነው። የእኛ ገበሬ ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። በሽታውም መልኩ ይለያል። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ለዚህ መፍትሔ ሆነው ከተለቀቁት ዝርያዎች ብዙዎቹ፣ እንደ 74110 እና 74112 ያሉት፣ በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአገራችን ቡና የተመረጡ ናቸው። የውጭ ጥናት ለእኛ ይሆናል አይሆንም የሚለውን የሚወስን ሰው መጀመሪያ የአካባቢውን ሁኔታ ማወቅ አለበት።

አንዳንዴ ውይይቱ እውነተኛ ስህተት ያገኛል። ቁጥር አይገጥምም፣ ወይም መደምደሚያው ከውጤቱ ርቆ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነገሩ ክፍሉ ውስጥ እንዳይቀር። በፔፐሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚጻፍለት ተመራማሪ ኢሜይል አለ። አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ቁጥር፣ ምን እንዳልገባችሁ። ክስ አይሁን። ብዙ ጊዜ ተመራማሪው ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ሥራውን እስከ ሠንጠረዡ ድረስ ያነበበለት ሰው ማግኘት ብርቅ ነውና። መልስ ከጠፋና ስህተቱ ከባድ ከሆነ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ደብዳቤ መላክ ይቻላል። ብዙ መጽሔቶች እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚቀበሉት ጥናቱ ከወጣ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ፔፐር ስትመርጡ የታተመበትን ቀን ማየት አትርሱ።