«ችግኝ ተክያለሁ» ለባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኝነት ይበቃል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ የወጣቶችን የበጎ ፈቃደኝነት ማመልከቻ እያየሁ ማረም ከጀመርኩ ወዲህ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳላነበው መናገር እችላለሁ። አመልካቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ተፈጥሮን ይወዳል፤ በየክረምቱ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከቀበሌው ጋር ወጥቶ ችግኝ ተክሏል፤ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዛፍ መትከል ይፈልጋል። ጽሑፉን የሚያመጡልኝ አብዛኞቹ በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተመረቁ ልጆች በመሆናቸው ነገሩ ከትዕግሥቴ በላይ እየሆነ መጥቷል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው በቃል ስደጋግመው የኖርኩትን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

«የአካባቢ ጥበቃ ማለት ዛፍ መትከል ነው»

ከሁሉም የሚያሰለቸኝ ይህ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ መካከል ያደገ ወጣት ሌላ ባይታየው አልፈርድበትም፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ተስማሚ ዛፍ መትከል ተገቢ ሥራ መሆኑንም የሚክድ የለም። ነገር ግን ወደ ብሪታንያ የሄደ በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ የሚሰጠው መሣሪያ መጋዝ ሊሆን ይችላል። በዚያ አገር አጫጭር ቁጥቋጦ ብቻ የለበሱ ሜዳዎች አሉ፤ ወፍ ዘራሽ ዛፍ ሲወራቸው በሜዳው የሚኖሩት እንሽላሊቶችና ወፎች ስለሚጠፉ፣ በጎ ፈቃደኞቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ዛፍ ሲቆርጡና ቡቃያ ሲነቅሉ ነው። በኒውዚላንድ ከውጭ የገባው የፓይን ዛፍ የሣር ምድሩን እየዋጠ ስላስቸገረ ይነቀላል፤ ከዛፉም አልፎ፣ መብረር የማይችሉትን የአገሩን ወፎችና እንቁላላቸውን የሚበሉ አይጦችና ሌሎች መጤ እንስሳት በወጥመድ ይያዛሉ፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ2016 እነዚህን አጥፊዎች እስከ 2050 ድረስ ከአገሩ ለማጥፋት ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ውኃ የሚጨርሱ መጤ ዛፎችን የሚያስወግድ የመንግሥት ፕሮግራም ሲካሄድ ቆይቷል፤ ከሚቆረጡት መካከል ባሕር ዛፍ አለበት። ባሕር ዛፍ ማገዶም፣ ምሰሶም፣ የልጅ ደብተር መግዣም በሆነበት በሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ይህ ነገር ይከብደዋል። አንዱ ተመራቂ ነገሩን ስነግረው «ታዲያ ይኼ ጥበቃ ነው ወይስ ጥፋት?» ብሎኝ ነበር።

መልሱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም ነበር። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም የማይገኘውና አዋቂዎቹ 500 ገደማ ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ቀበሮው በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ አይጥ እያደነ ይኖራል። ጓሳን በችግኝ ብንሞላው ቀበሮውን ምግብ አልባ፣ የመንዝን ሰውም የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ አልባ እናደርገዋለን። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአቅኚ አባቶች ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በበጋ በስምምነት እየከፈተ፣ ሕግ ያፈረሰውንም እየቀጣ ሲጠብቀው የኖረው ችግኝ ተክሎ አይደለም።

ባለፈው ከመሐል ሜዳ የመጣች አንዲት ልጅ ማመልከቻዋ እንደ ሌሎቹ በችግኝ ተሞልቶ ነበር። ጓሳ ምን ታውቂያለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ አያቷ ከጠባቂዎቹ አንዱ እንደነበሩ፣ ሣሩ በማጭድ ይታጨዳል እንጂ ከሥሩ እንደማይነቀል፣ ቀይ ቀበሮም በጭላዳ መንጋ መካከል ተረጋግቶ እየሄደ አይጥ ሲይዝ ብዙ ጊዜ እንዳየች ነገረችኝ። ይህን ለምን አልጻፍሽም ስላት «ይኼ እኮ የእረኛ ወሬ ነው» አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የሳይንስ ጥናት የተሠራው በዚሁ በጓሳ፣ በዚሁ በእረኛ ወሬ ላይ ነው፤ ቀበሮው በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 ከመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 ከመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ማመልከቻ የሚመርጡት ሰዎች የሚፈልጉት እንዲህ ያየ ዓይን ነው፤ አብዛኛው የመስክ ሥራ ማየት፣ መቁጠርና መመዝገብ ነውና።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ደብተር ያዙ። ከደብረ ሲና በላይ ወዳለው ወፍ ዋሻ ደን፣ ካልሆነም ከቤታችሁ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ሂዱና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያያችሁትን እንስሳና ቁጥሩን ጻፉ። ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዜሮውን የሚጽፍ ሰው ሥራው የገባው ሰው ነው። ሦስት ወር የተሞላ ደብተር ከአዳራሽ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ክምር ይበልጣል።

«ሁሉም ወጪ ይሸፈናል» እና «ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ አጭበርባሪ ነው»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የሚገርመው አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊነግረኝ መቻሉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ለሚያሰማራቸው ሰዎች የኑሮ አበል ይከፍላል፤ ሌሎች ድርጅቶች ምግብና ማደሪያ ብቻ ይሰጣሉ፤ ከበጎ ፈቃደኛው ክፍያ የሚጠይቁም ሕጋዊ ድርጅቶች አሉ። ሊያስፈራችሁ የሚገባው ገንዘቡን በግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንድታስገቡ የሚጠይቅና ቪዛውን በእርግጠኝነት አወጣላችኋለሁ የሚል ሰው ነው። ቪዛ የሚሰጠው የተቀባዩ አገር መንግሥት ብቻ ነው።

«ደመወዝ ስለሌለው የጎብኝ ቪዛ ይበቃል»

ብዙ ጊዜ አይበቃም። ብሪታንያ በጎብኝ ቪዛ የገባን ሰው ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በድምሩ ከ30 ቀን በላይ እንዲያገለግል አትፈቅድም፤ ከዚያ ለሚያልፍ ራሱን የቻለ የቪዛ ዓይነት አለ፤ ለእሱም የተቀባዩ ድርጅት የድጋፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የሸንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ የአጭር ጊዜ ቪዛ) በየ180 ቀኑ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ የማያስቆይ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ወባ ለምጄዋለሁ»

2,800 ሜትር ላይ ያደገ የደብረ ብርሃን ልጅ ወባን ከየት ይለምዳል? ሰውነቱ ለወባ እንግዳ ነው፤ ወደ ቆላ አገር ሲሄድ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ መከላከያ መድኃኒትና አጎበር ያስፈልገዋል። ደቡብ አፍሪካን የመሰሉ አገሮች ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚገባን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቁታል። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመሳፈሪያው ዋዜማ መሮጥ ዋጋ የለውም፤ አንዴ ከተወሰደ ግን ካርዱ የዕድሜ ልክ ነው።

«ብርዱን እኛ እናውቀዋለን»

የምታውቁት ደረቁን ውርጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ እየመታው ለሚሠራ ሰው ጥጥ ጠላት ነው፤ ሱፍ ግን ርሶም ይሞቃል። ከሱፍ ባና የሚሠራው የመንዝ ሰው ይህን ለማንም ያስተምራል።

«እንግሊዝኛዬ ፍጹም ካልሆነ አይቀበሉኝም»

መመሪያ መረዳትና የቀን ሪፖርት መጻፍ ከቻላችሁ ብዙ ቦታ በቂ ነው።

«የዱር እንስሳ ግልገል ማቀፍ የጥሩ ድርጅት ምልክት ነው»

በተቃራኒው ነው፤ ግልገል የሚያሳቅፍ ቦታ ካያችሁ አታመልክቱ።

«ፓስፖርት ካለኝ ሰነዱ አልቋል»

ስማችሁ በ12ኛ ክፍል ውጤት፣ በዲግሪውና በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ ተጽፎ ከሆነ ገና አልተጀመረም። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፤ ጥር 1992 የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. 2000 ላይ የተወለደ ሲሆን፣ ቅጹ ላይ 1992 ብሎ ከሞላ ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የዕድሜ ጣሪያ ባለው ፕሮግራም ሳይታይ ይወድቃል። ስሙና ዘመኑ የማይገጥም ሰነድ የሚስተካከለው ባወጣው ተቋም በኩል ነው፤ ይህም ጊዜ ስለሚወስድ ከማመልከቻው ደብዳቤ በፊት ይጀመር።