አሮጌ ኤክስተርናል በአዲስ ላፕቶፕ፦ የባሕር ዳር ነገር

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሌለው ቤት ይኖር ይሆናል። አሮጌ ኤክስተርናል የሌለው ቪዲዮ ቤት ግን የለም ማለት ይቻላል። የጥር ሰርግ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማተሚያ ቤት ዲዛይን፣ ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ ሲኬድ የተነሳ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ታጭቋል። ትልልቅ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ዳታ ይጨርሳል። ስለዚህ ላፕቶፑ ይቀየራል፣ ዲስኩ ይቀራል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ዲስኩን አላየሁም ይላል። ባለቤቱም “ሞቷል” ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ግን አልሞተም። ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ኃይሉ፣ ወይ ፎርማቱ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ)።

ከሶኬቱ እንጀምር። ብዙ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣውን ትንሹን ታይፕ ሲ ሶኬት ብቻ ይዘው ይመጣሉ። የአሮጌው ዲስክ ገመድ ሰፊው ዩኤስቢ ነው። ይህ በትንሽ ኮንቨርተር ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በ2008 ከወጣው 3.0 ጋርም ሆነ ከዚያ በኋላ ከመጡት ጋር ይግባባል። ፍጥነቱ ግን የአሮጌው ነው። ዩኤስቢ 2.0 ዲስክ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ያህል ቢያወጣ ጥሩ ነው። በዚህ ሂሳብ 500 ጊጋባይት መገልበጥ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ሌላው ነገር ገመዱ ራሱ ነው። በተለይ በዲስኩ በኩል ያለው ጠፍጣፋ ጫፍ ቶሎ ይላላል። ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት ገመድ መቀየር ይሻላል፣ ርካሹ ምርመራ እሱ ነው።

ኃይሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ብዙ ዲስክ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው። ኤክስተርናል ሁለት ዓይነት ነው። ኪስ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች የሚሠራው ከኮምፒውተሩ በሚያገኘው 5 ቮልት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ባለ 3.5 ኢንች ደግሞ የራሱ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር አለው። የመጀመሪያው ዓይነት “ጢክ ጢክ” እያለ ካልተነሳ ኃይል አንሶት ሊሆን ይችላል። ዩኤስቢ 2.0 ሶኬት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። በርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ማውስ፣ ፍላሽና ዲስክ አብረው ከተሰኩ ዲስኩ ይራባል። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ወዲያው የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ችግሩ መብራት ነው። የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ላይ ቢሆንም ባሕር ዳርም መብራት ይሄድባታል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ ግን ኮፒ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። የተጀመረው ፋይል ይበላሻል፣ አንዳንዴም የፋይሎቹ ማውጫ አብሮ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ዲስክ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ቅንጦት አይደለም። አዳፕተሩ ከጠፋ ደግሞ ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የላፕቶፕ ቻርጀር አትሰኩበት። የብዙ ላፕቶፕ ቻርጀር 19 ቮልት ነው፣ ሰርኪቱን ያቃጥለዋል።

ፎርማቱ ላይ ያለው አደጋ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ዲስኩን የሚገድለው ሰው ነው። የዊንዶውስ ዲስክ ፎርማት በአብዛኛው ኤንቲኤፍኤስ ነው። ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ይህን ያነባል፣ ግን አይጽፍበትም። በማክ በራሱ ፎርማት የተዘጋጀን ዲስክ ደግሞ ዊንዶውስ ጭራሽ አያውቀውም። ቪዲዮ ኤዲተሩ ማክ ተጠቅሞ፣ ሙሽሮቹ ቤት ያለው ዊንዶውስ ሲሆን የሚፈጠረው ይኸው ነው። ዊንዶውስ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው “ፎርማት ላድርገው?” ብሎ ይጠይቃል። አዎ የሚለውን አትጫኑ፣ ፋይሎቹ ይሰረዛሉ። ዲስኩ ባዶ አይደለም፣ ቋንቋው ነው ያልገባው። ወደሚያነበው ኮምፒውተር ወስዶ ፋይሎቹን መገልበጥ፣ ከዚያ ባዶውን ዲስክ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ኤክስፋት እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣ ሲሆን ሁለቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። የድሮው ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ለሰርግ ቪዲዮ አይሆንም።

ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት) ተለውጠው ከተገኙ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ተደበቁ እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን ሳይጫኑ በአንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያ የተደበቁትን ማሳየት ነው።

ዲስኩ በሰላም ተከፍቶም ለአማርኛ ተጠቃሚ ሌላ ፈተና አለ። ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይመጣል። ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል፣ እጅግ ያሳዝናል። ፋይሉ ደህና ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታት ከዚያ በኋላም ጸሐፊዎች የሚጠቀሙት ፎንት የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀመጠ ነበር። ያን ፎንት ሲጭኑት ጽሑፉ ይመለሳል። የማተሚያ ቤቶች በፔጅሜከር (የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) የሠሩት ግን ይከብዳል። ፕሮግራሙ ከ7ኛው ቅጂ በኋላ አልቀጠለም። አሮጌ ኮምፒውተር ገና በእጁ ያለ ሰው ከመጣሉ በፊት እነዚህን ወደ ፒዲኤፍ ቢቀይራቸው ይበጀዋል።

ከፍታው ያበላሸዋል የሚል ስጋት ካለ ይቅር። የዲስኩ ማንበቢያ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በናኖሜትር በሚለካ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ አየሩ በጣም ከሳሳ ችግር ነው። ብዙ አምራቾች ገደቡን 3,000 ሜትር ግድም ያደርጉታል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። ጉና ተራራ ጫፍ ላይ ኤዲቲንግ ልሥራ የሚል ካልመጣ በቀር የሚያሳስብ አይደለም። የክረምቱ እርጥበት ግን ሶኬቶቹን ያዝጋል። ከሁሉም በላይ እየዞረ ሳለ ከጠረጴዛ መውደቅ ይጎዳዋል።

በቂ ኃይል እያገኘም በተከታታይ “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የማንበቢያው ራስ ሳይጎዳ አልቀረም። ንቀሉት። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት፣ የዲስኩን የራሱን ክዳን ከፍቶ መነካካት፣ ደጋግሞ መሰካት የቀረውን ይጨርሰዋል። ዲስኩን ከኬዙ (ከውጭ ሽፋኑ) አውጥቶ በሌላ ኬዝ መሞከር ግን ለብዙ አሮጌ ሞዴሎች ይሠራል፣ ምክንያቱም የተበላሸው ኬዙ ላይ ያለው ትንሹ ሰርኪት ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሞዴሎች ይህ አይሳካም። የዩኤስቢ ሶኬቱ ዲስኩ ላይ ተበይዷል፣ ወይም ያ ሰርኪት መረጃውን ሲጽፍ ይቆልፈዋል።

ሁሉም ተገልብጦ አሮጌው ዲስክ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሲሰጥ ፈጣኑ ፎርማት አይበቃም። እሱ ማውጫውን ብቻ ይሰርዛል፣ ቪዲዮውን ገዢው በሪከቨሪ ፕሮግራም ያወጣዋል። ዊንዶውስ ላይ “ኩዊክ” የሚለውን ምልክት አንስቶ ሙሉውን ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ይህ አማራጭ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ ይሞላል። ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ መጀመር ይሻላል።