ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ

በቀደም ዕለት ሰርቨሩን ሳናጠፋ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ላይ ያለ ስህተት እንዴት እንደምንጠግን ስንመካከር አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ! ስህተቱ ያለበትን ፋንክሽን፣ ያንን የኮድ ክፍል፣ እንቀይረው፣ አለቀ» አለ። ይህን አባባል ስለምወደው ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጅ ሳለሁ ውሃ የሚቀዳው ከምንጩ ዓይን ነበር። ከብቶቹ ከታች ይጠጣሉ፤ ልብስ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይታጠባል። ሴቶቹ እንስራቸውን አውርደው በቅል እየጨለፉ ይሞላሉ። ክረምት ሲወጣ መንደርተኛው ተሰብስቦ ምንጩን ይጠርጋል። ደለሉ ይዛቃል፣ ቅጠሉ ይለቀማል፣ ውሃው እስኪጠራ ይጠበቃል። የዚያን ቀን አያቴ ጠዋት የተቀዳውን ውሃ ጓሮ ጎመኑ ላይ ትደፋዋለች። «የተጠረገው ምንጩ ነው፤ እንስራው መች ተጠረገ?» ትል ነበር።

ብዙ ሰው አባባሉን ለሽማግሌዎች ይሰጣል። እኔ ግን ከውሃ ቀጂ ሴቶች አፍ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። «ጥሩ» እዚህ ጋ የጠራ ማለት ነው። ውሃው የት እንደሚጠራ ደግሞ ከቀጂዋ በላይ ማን ያውቃል? ሽማግሌው ለሽምግልናው የተዋሰው ኋላ ነው።

ወደ ከርነሉ ልመለስ። ላይቭ ፓች፣ ማሽኑ ሳይጠፋ ከርነሉን የሚጠግነው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊኑክስ 4.0 ውስጥ ገባ። አሮጌው ፋንክሽን ሲጠራ መግቢያው ላይ ጠብቆ ወደ አዲሱ ይመልሰዋል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን ለፍጥነት ሲል ትንንሽ ፋንክሽኖችን በየጠሪው ሆድ ውስጥ ይገለብጣቸዋል። እዚያ ጥሪ የለም፣ የሚጠበቅ መግቢያም የለም። ሥሩ ቢታረምም በየእንስራው የተቀዳው አሮጌ ኮድ መሥራቱን ይቀጥላል። አንዳንዴም ኮምፓይለሩ ፋንክሽኑ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንደሚቀበል ካየ ያንን ግብዓት ትቶ «ኮንስትፕሮፕ» የሚል ጭራ ያለው ሌላ ቅጂ ያወጣል። ሰው የጻፈውን ሶርስ ኮድ ብቻ ለሚያነብ ይህ ሁሉ አይታይም።

ለዚህ ነው ኬፓች የተባለው የላይቭ ፓች ማዘጋጃ መሣሪያ ከእርማቱ በፊትና በኋላ ያለውን ኮድ ሁለቱንም ኮምፓይል አድርጎ ውጤቱን የሚያነጻጽረው። የተቀየረውን ፋንክሽን ሁሉ፣ ጠሪዎቹን ጭምር፣ ይለቅማል። የአያቴ ሥራ ነው።

ዛሬ ግን አባባሉን ፍለጋ ማሳጠሪያ አድርገነዋል። ስብሰባ ላይ «ነገርን ከሥሩ» ይባላል፣ አንድ ጥፋተኛ ይጠቆማል፣ ወሬው ይዘጋል። ይሄ ልክ አይደለም። ሥር የሚቆፈረው የት የት እንደተሰራጨ ለማየት ጭምር ነው።

ባልደረባዬን «ይህ ፋንክሽን ስንት ቦታ ተገልብጧል?» አልኩት። ዝም አለ። ወንበሬን ሳብኩና ማሽኑ ላይ ያለውን ኮድ ከፍተን አብረን መቁጠር ጀመርን።